እንከን ፈላጊው የፈረመለት መኪና

አዋሽ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሰላሀዲን ይማም፤ ጅዳ

አያቶቻችን የአንድ እናት ልጆች ሆነው አንዱ መስጊድ ጥግ፣ አንዱ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ቢቀበሩም በሕይወት ሳሉ ሰላምታቸው አንድ ነበር። እኔም በዚያው ሰላምታ ጤናህን እጠይቃለሁ። ሥራዬ እስካሁን ሰመራ መንገድ ካምፕ፣ በመሐንዲስነት ነው። ቤቴን ለማየት በወር አንድ ጊዜ ወደ አዋሽ ብቅ እላለሁ።

ሚስትህ ሀምዳ ደህና ናት። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤቷም አልተዘጋችም። ትናንት ስገባ ሰው እየሰማ እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ባሌ ከሄደ ጀምሮ ‹ዘንድሮ እመጣለሁ› ይለኛል። ዘንድሮ የሚባለው ዓመት የትኛው እንደሆነ እርስዎ የተማሩ ነዎትና ይንገሩኝ።» ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

የምጽፍልህ መንገድ ስለተገኘ ነው። ውጭ አገር ያለ ሰው በራሱ የውጭ ገንዘብ የገዛውን የጭነት መኪና በፍራንኮ ቫሉታ ማስገባት ይችላል ተብሏል። አሰብ ወደብ ላይ የተከመረው እህል የሚያነሣው መኪና ስላጣ ነው እንጂ ለአንተ ታዝኖ አይደለም። መኪና ይዘህ ከገባህ በባለንብረቶች ማኅበር ትመዘገባለህ፣ ጭነት አታጣም፣ ከሚስትህ ጋር ትኖራለህ። ባዶ እጅህን ከመጣህ ግን እሷ ዘንድ ብርጭቆ ስታጥብ ልትኖር ነው።

ዋናው ነገር ከማን ትገዛለህ የሚለው ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ መኪና ሚሌ ላይ ተሰብሮ፣ ባለቤቱ ጥላው ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። መኪናውን ብቻ መርምሮ ሻጩን የማይመረምር ሰው ሞኝ ነው። መኪና ቀለም ይቀባል፤ ሻጭ ግን ከዚህ በፊት የሸጠላቸው ሰዎች አሉት። እነሱን ፈልገህ ጠይቅ። ከሦስት ያላነሱ ሻጮች አወዳድር። ማለዳ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሥተህ እንድታየው ካልፈቀደ ጥለኸው ሂድ። ውል ለመጻፍ ካንገራገረም ሂድ። «ወንድሜ» እያለ ካቀፈህ ደግሞ ሩጥ።

ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝ። የሚያምርህን ሳይሆን ያየኸውን።

ጉልላት ወልደ ሚካኤል


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1978 ዓ.ም.

በአላህ ስም፣ እጅግ አዛኝ እጅግ ርኅሩኅ በሆነው።

ለተከበሩ ጋሼ ጉልላት። አሰላሙ ዓለይኩም እላለሁ፤ እርስዎ በመስቀልዎ ይመልሱልኝ። አላህ ዕድሜዎን እንደ አዋሽ ወንዝ ያርዝመው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። የሀምዳን ቃል ደጋግሜ አነበብሁት። ለእሷ ሁለት ሻሽና አንድ ሽቶ በሰው ልኬያለሁ፤ ሽቶውን ደንበኞቿ ፊት እንዳትከፍተው ይንገሩልኝ።

ስለ ሻጭ እንዳሉኝ አስቤበታለሁ። እዚህ መኪና የሚሸጠው ሰው እንደ አሸዋ ነው። ነገር ግን እኔ የምሠራበት ግቢ ባለቤት፣ አሠሪዬ ሼኹ፣ እሱም ያገለገሉ መኪናዎች ይሸጣል። ሰላት የማያልፈው፣ ሦስቴ ሐጅ ያደረገ ሰው ነው። ተሳቢ ያለው ፊያት አቅርቦልኛል። አረንጓዴ ነው፤ መልኩ ያማረ ነው። እሱ እያለ ሌላ ዘንድ መሄድ ልፋት ነው ብዬ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይቀራል። ሼኹ አገር ቤት ያለ የተማረ ሰው፣ በሙያው የታወቀ፣ መኪናው ጉድለት የለበትም፣ ተስማምተን ተቀብለናል ብሎ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍለት ይፈልጋል። ከዘመድ ሁሉ እርስዎን አሰብሁ። ቶሎ ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል።

ዱዓዎን የማይረሳ ልጅዎ ሰላሀዲን


ሰመራ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1978 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰላሀዲን፣ ሰላምታህ ደርሶኛል፤ ሰላም ሁን።

ዕድሜዬን እንደ አዋሽ እንዲያረዝመው ለምነሃል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በረሃ ላይ የሚቀር ወንዝ ነው። ምርቃትህም እንደ ሻጭ ምርጫህ ነው፤ ሳታጣራ ነው የወሰድኸው።

ሦስት ሻጭ አልሁህ፤ አንድ አመጣህ፤ እሱም አሠሪህ። ደመወዝህን የያዘ ሰው መኪና ሲሸጥልህ ብትጣሉ ማን ይዳኛችኋል? ሰላት አያልፈውም ማለትህ ለነፍሱ ይበጀዋል እንጂ ለካምቢዮው ምስክር አይሆንም። በእኛም በኩል ቅዳሴ የማያልፈው፣ ሚዛን የሚሰርቅ አለ። «አረንጓዴ ነው» ብለሃል። ስለ አንድ የጭነት መኪና ስምንት መስመር ጽፈህ ከስሙ በቀር የነገርኸኝ ቀለሙን ብቻ ነው።

ሳላይ አልፈርምም። እኔ ለዚህ ሐሩር የተዳረግሁት ያላለቀ ድልድይ አልቋል ብዬ አልፈርምም ስላልሁ መሆኑን ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ነገር ላክልኝ። አንደኛ፣ ሞተሩ ሠርቶ ሲቆም አንድ ጠብታ ዘይት ቀለም በሚመጥ ወረቀት ላይ ጠብ አድርግ፤ ጠብታው ሲደርቅ የሚተወው ቀለበት የሞተሩን ጤና ይነግረኛል። ሁለተኛ፣ ሻንሲው ላይ በተመታው ቁጥር ላይ ስስ ወረቀት ለጥፈህ በእርሳስ ፈትገውና ቅርጹ ይውጣ። ቁጥሩ ተፍቆ እንደገና ተመትቶ እንደሆነ ከፍትጉ ይታየኛል።

የሌሎች ሁለት ሻጮች ነገርም ይቀረኛል።

ጉልላት


ጅዳ፣ መጋቢት 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ለጋሼ ጉልላት። ስለ ቆየሁ አይቀየሙኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር። የዘይቱን ጠብታ በዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የቁጥሩ ፍትግ ግን አልተመቸኝም፤ ግቢው ውስጥ መኪና ሥር ገብቶ መጋደም ለሠራተኛ አልተፈቀደም። ሌሎች ሻጮችን ለማየት ጁምዓ ብቻ ነው የምወጣው፤ ጁምዓ ደግሞ እነሱ ይዘጋሉ።

ሼኹ ስለ ደብዳቤው በየቀኑ ይጠይቀኛል። ጋሼ፣ እባክዎ። ብዙ ነገር ማብራራት አይጠበቅብዎትም፤ ሁለት መስመር ይበቃል።

ሰላሀዲን


ሰመራ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ሰላሀዲን፣

የላክኸው ጠብታ እንደ ማር ነው። ቀለበት የለው፣ ጥቀርሻ የለው። ከሠራ ሞተር የወጣ ዘይት አይደለም፤ ከቆርቆሮ ነው የቀዳኸው፤ ወይም ሌላ ሰው ቀድቶ ሰጥቶሃል። በዚህ መንገድ ላይ ጸጉሬን ያሸበትሁ ሰው ነኝና እንደ ሕፃን አታታልለኝ።

አሁን በግልጽ ልጠይቅህ። ከሼኹ የምታገኘው ድርሻ ስንት ነው? ድለላ እየሠራህ ከሆነ ከአዋሽ ሌላ ዘመድ ፈልግ። የእኔ ፊርማ አይሸጥም።

ጥርጣሬዬን ለሀምዳ ነገርኋት። ብርጭቆ እየወለወለች ሰማችኝና፣ «ሰላሀዲን አይዋሽም ብዬ አልምልም፤ ግን እሱ የሚዋሸው ሲፈራ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ሚስት ስለሆንሽ ነው አልኋት። ከዚያ ወዲህ ሻይዬን የምታቀርበው ቃል ሳትተነፍስ ነው።

ጉልላት


ጅዳ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1978 ዓ.ም.

በአላህ ስም፣ የተጨነቀን በሚሰማው።

ጋሼ ጉልላት፣ ይህችን ደብዳቤ የሚያመጡልዎ የኮምቦልቻዋ እትዬ ሀጂራ ናቸው፤ ከሐጅ ሲመለሱ። በፖስታ የምልከውንና የሚመጣልኝን ሁሉ የሼኹ ጸሐፊ ያነበዋል። ምጽዋ ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ዘይቱንም የሰጠኝ እሱ ነው፤ ከቆርቆሮ ቀድቶ።

እዚህ አገር ካፊል የሚሉት አለ። ዋስህ ማለት ነው፤ ዋስህ ደግሞ አሠሪህ ነው። እሱ ካልፈቀደ ሥራ መቀየር የለም፤ ከአገር መውጣትም የለም። ፓስፖርቴ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ካዝናው ውስጥ ነው። ደመወዜንም ለምግብና ለሀምዳ የምልከውን ብቻ እየቆነጠረ ሲሰጠኝ፣ ቀሪውን «ስትሄድ አንድ ላይ ትወስዳለህ» እያለ ይዞታል። ዘንድሮ ልሂድ ብዬ ስጠይቀው ወደ ግቢው ጥግ ወስዶ አረንጓዴውን ፊያት አሳየኝ። «ደመወዝህ ያው፤ ተወራርደናል» አለኝ።

እርስዎ ከሦስት ሻጭ ምረጥ ይሉኛል። በምን ልግዛ? ካሉት ሁሉ ያስጨነቀኝ ይህ ነው፤ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ አንዱንም ልፈጽመው አልችልም።

ሼኹ ከዚህ በፊት የሸጣቸው መኪናዎች ችግር አምጥተውበት ይመስለኛል፤ የመሐንዲስ ደብዳቤ የሚፈልገው ለዚያ ነው። ደብዳቤው እጁ ሲገባ ፓስፖርቴን እሰጥሃለሁ ብሏል። መኪናው ከሥሩ ምን እንደሆነ አላውቅም። ድርሻዬ ስንት እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። ድርሻዬ ወደ ቤቴ መሄድ ነው።

ለሀምዳ አይንገሯት።

ሰላሀዲን


ሰመራ፣ መስከረም 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰላሀዲን፣ እግዚአብሔር በያለህበት ይጠብቅህ።

ስለ ድርሻ የጻፍሁት ቃል እንዳልተጻፈ ይሁን።

ደብዳቤው በዚህ ውስጥ አለ። ያላየሁትን መኪና መርምሬዋለሁ፣ እንከን አላገኘሁበትም፣ ሻጩም ታማኝ ነው ብያለሁ። ሦስት ጊዜ ገለበጥሁት፤ የእንግሊዝኛው አገባብ አልጥም ብሎኝ ነው። ከዋሸሁ አይቀር በትክክል ልዋሽ። ስሜም፣ ማዕረጌም፣ ፊርማዬም አለበት።

የሚያደርስልህ ጣሃ ነው፤ ከአሰብ ከብት በሚጭነው መርከብ ላይ የሚሠራ፣ የማምነው ሰው ነው። መልስህንም ለእሱ ስጥ። አንድ ነገር አጥብቄ እነግርሃለሁ፦ ፓስፖርትህን በእጅህ ሳትይዝ ደብዳቤውን አትስጥ። ነገ እሰጥሃለሁ ቢልህ፣ አንተም ነገ በለው።

ጉልላት


ሰመራ፣ ጥር 14 ቀን 1979 ዓ.ም.

ሰላሀዲን፣ የት ነህ?

አሰብ ደርሼ ተመለስሁ። መኪናው ወርዷል፤ አንተ አልወረድህም። የመርከቡን ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ ስምህን የሰማ የለም።

ወደቡ ላይ ሸሚዜን አውልቄ ከሥሩ ገባሁ። ሻንሲው ከካቢናው ኋላ ተቆርጦ ከሌላ መኪና ሻንሲ ጋር ተበይዷል። የፊቱ የአንድ መኪና፣ የኋላው የሌላ ነው። ብየዳው እንዳይለይ ግራሶና ጭቃ ቀላቅለው ለጥፈውበታል። በያጁ ባለሙያ ነው፤ እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው ለምን ለሌብነት እንደሚሠራ አይገባኝም። ባዶውን፣ በእግር እንደሚሄድ ሰው፣ እስከ ሰመራ ራሴ ነዳሁት። እህል ቢጫንበት ዲችኦቶ ቁልቁለት ላይ ከነሹፌሩ ለሁለት ይከፈላል። ካምፑ ውስጥ በሸራ ሸፍኜ አቁሜዋለሁ። ለማንም አይሰጥም።

ለሀምዳ ያልሁት ወረቀቱ አላለቀም ነው። «የመኪናው ወይስ የባሌ?» አለችኝ።

ጻፍልኝ።

ጉልላት


ጅዳ፣ መጋቢት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ጋሼ፣ በሕይወት አለሁ። ልክ እንዳዘዙኝ ፓስፖርቴን በቀኝ እጄ ይዤ ደብዳቤውን በግራ ሰጠሁ። ሼኹ ሳቀ፤ መኪናውን በስሜ ጭኖ እኔን አስቀረኝ። ለካ መውጫ ፈቃድ የሚሉት ሌላ ወረቀት አለ፤ እሱን ከመንግሥት የሚጠይቅልኝ ካፊሌ ብቻ ነው። መውጫ የሌለው ፓስፖርት ኪስ ከማሳበጥ በቀር ሥራ የለውም።

ደብዳቤዎን መስታወት ውስጥ አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ከእኛ በኩል ገዢ ሲመጣ ያስነብበዋል፤ እኔ እተረጉማለሁ። «ይህ ሰውዬ በአሰብ መንገድ የታወቀው እንከን ፈላጊ አይደለም?» ይላሉ። ነው እላለሁ። እስካሁን ሁለት ሰዎች ገዝተዋል። መኪናዎቹን የበየደው የእኔን ፊያት የበየደው ያው ሰው ነው። ሼኹ ገበያው ጥሩ እስከሆነ ድረስ እዚሁ ቆይ፣ ከዚያ ትሄዳለህ ይለኛል። እስከ መቼ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ የአንተ ዘመድ ስሙ እስኪያረጅ ድረስ አለኝ።

ቀድሞ ይፈርሙልኝ ብዬ ለመንሁዎ። አሁን የምለምንዎ ዝም እንዲሉልኝ ብቻ ነው። መኪናው መጥፎ ነው የሚል ወሬ ከዚያ ከተነሣ ወዲህ ለመድረስ አንድ መርከብ ይበቃዋል።

ሰላሀዲን


ሰመራ፣ ግንቦት 25 ቀን 1979 ዓ.ም.

ወንድሜ ሰላሀዲን፣ ሰላም ላንተ ይሁን ማለት ከእኔ አፍ እንዴት እንደሚከብድ ወደ ታች ስታነብ ታየዋለህ።

ዝም ብዬ ነበር። ዝምታዬ ግን የሼኹ ደላላ ሆነ። መኪናው በሸራ ተሸፍኖ መቆሙን ያየ ሁሉ ውድ ዕቃ ቢሆን ነው አለ። ተክለ ማርያም የሚባል የዚህ መስመር ሹፌር፣ «ጋሽ ጉልላት፣ ፀሐይ እንዳይነካት ነው አይደል? ሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተጋረደችም» እያለ ያላግጥብኛል። ከዚያ የሻጩን አድራሻ ይጠይቀኛል። ጠፍቶብኛል እለዋለሁ። ብቻህን ልትከብርበት ነው ይለኛል።

ባለፈው ሳምንት ባፈና መጣ። የአዳይቱ ሰው ነው፤ የጎሳው ሽማግሌ። ድርቁ ከብታቸውን ፈጅቶ የቀሯቸውን ግመሎች ሸጠው፣ ጅቡቲ ባለ ዘመዳቸው በኩል ከዚያው ሼኽ መኪና ሊገዙ ተስማምተዋል። ግመሎቹ ከተሸጡ ሌላ የላቸውም።

አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳያጎድል ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ የዋሸ ሰው ዳግመኛ የሚጠይቀው የለም፤ እንደ ሞተ ይቆጠራል። እኔ ከእነሱ አይደለሁም፤ ግን በመካከላቸው ይህን ያህል ዘመን ስኖር እንደራሳቸው ይጠይቁኛል። ባፈና ከካምፑ በር ላይ፣ ከግራሩ ሥር ተቀመጠና በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመ። እኔም ተቀመጥሁ። በዚህ አገር «አንተ» ሲለኝ የማልቆጣው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ሰሞኑን መንገዱ ላይ ምን እንዳየሁ ጠየቀኝ። ዝናቡን፣ ሣሩን፣ የተበላሸውን መንገድ ነገርሁት። እያንዳንዱን እየተቀበለ «እሺ» ይላል። ከዚያ ስለ መኪናው ጠየቀኝ። ቆሟል አልሁት።

«መቆሙን እኛም አይተናል» አለ። «አሰብ ላይ ከሥሩ ገብተህ ብዙ ተጋደምህ። ልጆቻችን አይተውሃል። እኔ የምጠይቅህ ተጋድመህ ያየኸውን ነው።»

አንተን እያሰብሁ ዝም አልሁ። ባፈና፣

«ዝም ማለትም ወሬ ነው» አለኝ። «ግን ምን ብዬ ልውሰደው?»

መኪናው ተቆርጦ የተቀጠለ ነው አልሁት። የፈረምህለት ነው ወይ አለኝ። የፈረምሁለት ነው አልሁት። ስለምን ብሎ ጠየቀ። ዘመዴ እጃቸው ላይ ስላለ ነው አልሁት። አልሰደበኝም፤ ብሰደብ በተሻለኝ። ተነሥቶ አቧራውን አራገፈና፣ «ሁሉንም እናገራለሁ። ግማሹን ትቼ ግማሹን መናገር አይሆንልኝም» አለ። ሄደ።

በዚያች ሰዓት የአንተን ነፍስና የእነሱን ግመሎች መዝኜ ነው የተናገርሁት ብዬ ልጽፍልህ ጀምሬ ነበር፤ ቀደድሁት። አልመዘንሁም። ተጠየቅሁ፤ ያየሁትን ተናገርሁ። ይህ ደብዳቤ ሲደርስህ ወሬው ቀድሞት ይሆናል። ሼኹ ከጠየቀህ ሽማግሌው ጉልላት አብዷል በለው። ዘመዴ በእርጅናው ስም ማጥፋት ጀምሯል በለው። በእኔ ላይ ጣለው፤ እችለዋለሁ።

ለሀምዳ ነገርኋት። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት። ሻይ ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች።

ጉልላት


ጅዳ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

በአላህ ስም። ወረቀቷ ትንሽ ስለሆነች ሰላምታዬን አሳጥሬያለሁ።

ጋሼ ጉልላት፣ እንዳሉት ወሬው ከደብዳቤዎ ቀደመ። ከብት ጫኞቹ ናቸው ያመጡት። ሼኹ መስታወቱን ከግድግዳው አወረደና ጠራኝ። ጸሐፊው፣ ከጅቡቲ የመጡት የባፈና ዘመዶች፣ ሌላ ሁለት ገዢም ቆመዋል። «ሽማግሌው ዘመድህ አብዷል አይደል? ንገራቸው» አለኝ። ደብዳቤዎ ያን ጊዜ አልደረሰኝም፤ ቢደርሰኝም እንዳዘዙኝ የምል አይመስለኝም። «አላበደም» አልሁ። ሌላ አረብኛ አልመጣልኝም።

ከሥራ የኮበለለ ነው ብሎ ለፖሊስ አስረከበኝ። አሁን ያለሁት ተርሂል ነው፤ ከአገር የሚባረሩ ሰዎች የሚታሰሩበት ግቢ። ደብዳቤዎንም ያገኘሁት እዚሁ ነው፤ ጣሃ ዘበኞቹን ለምኖ አስገባልኝ። መቼ እንደምንሳፈር የሚነግረን የለም። ካፊሉ ፈርሞ ካልለቀቀ መባረርም አይቻልም። እዚህ ሁለት ረመዳን ያለፈው ሰው አለ። የደመወዜን ነገር ማንሣት ትቻለሁ። ለሀምዳ ያለሁበትን እንደ ሆነው ይንገሯት፤ አያሳምሩላት።

ግቢው ጣራ የለውም። ጥላ ያለው በአንደኛው ግድግዳ ሥር ብቻ ነው፤ እሱም ቀድሞ ለመጣ ነው። አዲስ የመጣ መሐል ሜዳ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። እኔም እዚያው ነበርሁ። በሁለተኛው ሳምንት ከግድግዳው ሥር አንድ የአፋር ሰው ተነሥቶ ወደ እኔ መጣና ከየት ነህ አለኝ። ከአዋሽ አልሁት። «ከመኪና ሥር ገብቶ ያየውን የተናገረው ሰውዬ ዘመድ አንተ ነህ?» አለኝ። ነኝ አልሁት። የባፈና የአጎቱ ልጅ ነው። ግመሎቹ አለመሸጣቸውን ነገረኝ።

ከዚያ ሰዎቹን በቋንቋው አንድ ነገር ብሎ ጠጋ ጠጋ አስደረጋቸው። ይህችን የምጽፍልዎ ግድግዳውን ተደግፌ ነው።

ዘመድዎ ሰላሀዲን